ከድሬ ወደ ደሴቶቹ፦ ጅቡቲ፣ ላሙ፣ ዛንዚባር ወይስ ሲሸልስ?

ድሬዳዋ ለባሕር ቅርብ ናት። ከዚህ እስከ ጅቡቲ ወደብ 300 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ ይርቃል። ያም ሆኖ ከዚራ ቁጭ ተብሎ የዕረፍት ወሬ ሲነሳ ባሕር ሁልጊዜ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላል። አሁን አሁን ግን ጠያቂው በዝቷል። አዲስ ተጋቢዎች አሉ። ከውጭ ዘመድ የመጣላቸው አሉ። ዕቁብ የደረሳቸው ጓደኛሞችም አሉ። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነው፦ በጀልባ ከደሴት ደሴት እየዞርን የምናርፍበት ቦታ የቱ ይሻላል?

ከእኛ አካባቢ ተነስቶ በቀላሉ የሚደረስባቸውን አራቱን እዚህ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፦ የጅቡቲን የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ የኬንያዋን ላሙ፣ ዛንዚባርንና ሲሸልስን። ማልዲቭስን ሆን ብዬ ትቻታለሁ። ውብ ናት፤ ግን አብዛኛው ሰው አንድ ሪዞርት ገብቶ እዚያው ከርሞ ነው የሚመለሰው። ያ ደግሞ መዞር አይባልም።

ብዙ ሰው ቦታውን የሚመርጠው በፎቶ ነው። እኔ የምለው በመጀመሪያ ጀልባውን፣ ቀጥሎ ወሩን ምረጡ ነው። ሁለቱ ከተወሰኑ ቦታው ራሱ ይመጣል።

ጀልባው

ጅቡቲ ላይ የምትሳፈሩት ባመዛኙ የሞተር ጀልባ ነው። ከከተማው ትንሽ ወደብ፣ ከኤስካል፣ ተነስታችሁ ሙሻ እና ማስካሊ ወደሚባሉት ደሴቶች ትሄዳላችሁ። ሙሻ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ፍጥረት፣ ኮራሉ፣ ቅርብ ስለሆነ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ካላችሁ ይበቃል። ደሴቱ ላይ ግን ጥላ እንደ ልብ አይገኝም፤ ውሃና ኮፍያ ይዞ መሄድ ግድ ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ለለመደ ሰው ይሄ ይበቃዋል። ነፋስ በሚገፋው ሸራ እየተንሳፈፉ መሄድን ለተመኘ ሰው ግን ጅቡቲ አይደለችም። ከከተማው ራቅ ብለው በባብ ኤል መንደብ በኩል ያሉት የሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች በጠላቂዎች ዘንድ ስም አላቸው። እዚያ የሚኬደው ጀልባ ላይ እያደሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ስለተጠቁ ግን ለዕረፍት ብዬ ያንን አልመክርም።

ጅቡቲ ሌሎቹ የሚያስቀኑባት አንድ ነገር አላት፦ ዌል ሻርክ። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፤ የሚበላው ግን የባሕር ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። በወቅቱ በአርታ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ከውሃው ፊት አጠገብ ሲዋኙ ይገኛሉ። አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው፤ እነዚህ "ልጆች" ታዲያ አራትና አምስት ሜትር ይሆናሉ። ጀልባው ሞተሩን ያጠፋል፤ እናንተ ቀስ ብላችሁ ትገባላችሁ። መንካት የለም፣ ከፊቱ መደንቀርም የለም። አጠገባችሁ አፉን ከፍቶ ሲያልፍ የሚሰማችሁን እኔ አልነግራችሁም።

ላሙ ሌላ ዓለም ነው። ሸራ እዚያ የቱሪስት ማስዋቢያ አይደለም። ደሴቱ ላይ መኪና የለም ማለት ይቻላል፤ ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያና በጀልባ ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማንዳ ደሴት ላይ ስለሆነ ገና ስትደርሱ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ጀልባ ትገባላችሁ። የእንጨት ጀልባው ዶው ይባላል፤ ሸራው ሦስት ማዕዘን ነው። አቅጣጫ ሲቀየር ማየት ደስ ይላል። ካፒቴኑ አንድ ቃል ይጮኻል። ሸራው የተሰቀለበት ረጅም እንጨት ጀልባው መሃል ከቆመው ግንድ ወዲያ ማዶ ይዞራል። አንዱ ልጅ ገመድ ይለቃል፤ ሌላው የአሸዋ ከረጢቶችን ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ይጎትታል። ነፋሱ ሲበረታና ጀልባው ሲያዘነብል፣ ከጠርዙ ወደ ውጭ በተዘረጋ ሳንቃ ላይ አንድ ሰው ወጥቶ ይቀመጣል፤ ከበታቹ ባሕር ብቻ ነው። ጀልባዋ ትቃናለች። የሞተር ድምፅ የለም። የውሃው ሹሹታ ብቻ ነው የሚሰማው።

በአንድ ቀን ማንዳ ላይ ያለውን የታክዋ ፍርስራሽ አይቶ፣ ወይም ማንዳ ቶቶ በምትባለው ትንሽ ደሴት ዋኝቶ፣ ጀልባው ላይ በከሰል የተጠበሰ ዓሣ በልቶ መመለስ ይቻላል። በላሙና በማንዳ መሃል ያለው ሰርጥ የተከለለ ነው። ውጭ ያለው ባሕር ሲቆጣም እዚያ ውስጥ መቅዘፍ አይከብድም። ሕፃን ለያዘና ሆዱ ቶሎ ለሚታወክ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ዛንዚባር ላይም ዶው ሞልቷል። ግን የተደራጀ ነው፦ ጠዋት ከፉምባ መነሳት፣ መናይ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዶልፊን መፈለግ፣ ውሃው ሲጎድል ብቅ በምትል የአሸዋ ቁልል ላይ መውረድ፣ ኮራል ማየት፣ ምሳ፣ መመለስ። ሄዶ መመለሱ ብዙ ጊዜ በሞተር ሲሆን ሸራው ነፋስ ካለ ወደ መጨረሻው ይዘረጋል። አይከፋም። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ለሚያይ ቤተሰብ እንዲያውም ይሄ ነው የሚሻለው፤ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ልጆች ካሏችሁ ከዛንዚባር አሮጌ ከተማ፣ ከስቶን ታውን፣ ፊት ለፊት ያለችውን ቻንጉ ደሴት እንዳታልፏት። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ ግዙፍ የየብስ ኤሊዎች አሁንም እዚያ እየተርመሰመሱ ነው።

ወደ ጎረቤቷ ደሴት ወደ ፔምባ በፌሪ፣ በመንገደኛ መርከብ፣ መሻገር የምትፈልጉ ደግሞ ከልክ በላይ የጫነ ካያችሁ አትሳፈሩ። በ2011 እ.ኤ.አ. ስፓይስ አይላንደር የምትባለው ፌሪ በዚሁ መስመር ላይ ሰጥማ ብዙ ሰው አልቋል፤ ከአቅሟ በላይ ጭና ነበር።

ሲሸልስ ላይ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ካታማራን ነው፤ ሁለት አካል ያለው ሰፊ የሸራ ጀልባ፣ ውስጡ መኝታ ክፍል፣ ሻወርና ወጥ ቤት ያለው። ማታ መልህቅ ጥላችሁ እዚያው ታድራላችሁ፤ ጠዋት ከአልጋ ተነስታችሁ ባሕር ውስጥ ዘልላችሁ ትገባላችሁ። ያለ ካፒቴን ለመከራየት የብቃት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ካፒቴን ያለውን ውሰዱ። ጀልባውን ሙሉ መከራየት ዋጋው ዓይን ያወጣ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አንድ መኝታ ክፍል ብቻ መግዛት እንደሚቻል ነው። የቀረውን ሌላ ተጓዥ ይይዘዋል። ሁለተኛው ምርጫ ካታማራኑን ትቶ በመደበኛው ፌሪ መዞር ነው። ከዋናው ደሴት ከማሄ ፕራስሊን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከፕራስሊን ላ ዲግ ሩብ ሰዓት። ላ ዲግ ላይ ብስክሌት ተከራይቶ መዋል ነው። እኔ ብሆን የሲሸልስን ገንዘብ የማወጣው በዚህኛው መንገድ ነው።

ወሩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የእኛ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ስለዚህ ጉዞው ለሐምሌና ለነሐሴ ይታሰባል። አቦ፣ በሐምሌ ጅቡቲ አትሂዱ! ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሞቃቱ ነፋስም አቧራ ይዞ ይመጣል። ጅቡቲዎቹ ራሳቸው በዚያ ወቅት ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ድሬና ወደ ሐረር ይመጣሉ። እነሱ ወደ እኛ እየመጡ እኛ ወደዚያ የምንሄድበት ምክንያት አይታየኝም። የጅቡቲ ጊዜ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ዌል ሻርክ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር። ለገና ወይም ለጥምቀት ዕረፍት ልክ ነው።

ዛንዚባር በተቃራኒው በክረምታችን ደረቅና ለስለስ ያለ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ አለ፤ ባሕሩን ትንሽ ያናውጠዋል፣ ሙቀቱን ግን ያበርደዋል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ከባድ ዝናብ ነው። ያን ጊዜ ዋጋ ይወርዳል፤ የሚወርደው ያለ ምክንያት አይደለም። በኅዳር ደግሞ አጭር ዝናብ አለ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል፤ ይሞቃል፣ ባሕሩ ግን ያምራል።

ላሙም የሚከተለው ይህንኑ የነፋስ ሥርዓት ነው። ልዩነቱ በክረምት ከሰርጡ ውጭ ያለው ባሕር ይከብዳል፤ ራቅ ያሉ ደሴቶችን ያሰበ ሰው ከጥቅምት በኋላ ይሂድ።

ሲሸልስ ዋናዎቹ ደሴቶቿ ከአውሎ ነፋስ መንገድ ውጭ ናቸው፤ ይሄ ያሳርፋል። ጸጥ ያለ ባሕር የሚገኘው ሁለቱ ነፋሶች በሚቀያየሩበት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያና በጥቅምት አካባቢ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ይበረታል፤ ለሸራ ጥሩ ነው፣ ለሆድ ግን መጥፎ። ነፋሱ የሚመታቸው ባሕር ዳርቻዎች ላይ የባሕር ሣር ተከምሮ ታገኛላችሁ፤ ፎቶው ላይ ያልነበረ ሣር።

ከወሩ ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ ጉዳይ አለ፦ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት። ይሄ የዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ ጉዳይ ነው። ጃምቢያኒ ወይም ፓጄ ሆቴል ይዛችሁ ጠዋት ስትነሱ ባሕሩ የለም። ሸሽቶ እስከ ኮራሉ ግንብ ድረስ ሄዷል። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። ሴቶች ጉልበታቸው በማይደርስ ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለው በችካል መሃል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ፤ ለገበያ የሚያመርቱት ነው። ለማየት ደስ ይላል። ለመዋኘት የመጣ ሰው ግን ሰዓታት መጠበቅ አለበት። በማንኛውም ሰዓት መዋኘት የምትፈልጉ ከሆነ ሰሜን ጫፍ ላይ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ያዙ።

መንገዱና ወረቀቱ

ለጅቡቲ ባቡር አለ። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ሁለት ነገር አስታውሱ። አንደኛ፣ የመንገደኛ ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም። መሄጃውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውን አይታችሁ ሆቴል ያዙ፤ አለዚያ ሳታስቡት አንድ ሌሊት ይጨመርባችኋል፤ የጅቡቲ አንድ ሌሊት ደግሞ ርካሽ አይደለም። ሁለተኛ፣ አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጭ ነው። ከለገሃሩ አሮጌ ጣቢያ የሚነሳ የሚመስላቸው አሁንም አሉ። ቪዛውን ድሬ ያለው የጅቡቲ ቆንስላ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለሌሎቹ ሦስቱ መነሻው ቦሌ ነው። ድሬ–አዲስ ያለውን በረራ ከውጭው በረራ ጋር በአንድ ትኬት ግዙ። ለየብቻ ገዝታችሁ የድሬው አውሮፕላን ቢዘገይ ቀጣዩን መክፈል የእናንተ ዕዳ ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ የአየር መንገዱ ጣጣ ይሆናል።

በወረቀት በኩል ለኢትዮጵያዊ ቀላሏ ኬንያ ናት፦ ቪዛ አይጠየቅም። ለላሙ ግን ናይሮቢ ላይ አውሮፕላን መቀየር አለ። ወደ ላሙ የሚሄዱ ትናንሽ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የሚነሱት ዊልሰን ከሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ እናንተ የምታርፉት ደግሞ ጆሞ ኬንያታ። በመሃል የናይሮቢ ትራፊክ አለ። ሰፊ ሰዓት ተዉለት። ላሙ ካውንቲ ከሶማሊያ ስለሚዋሰን አንዳንድ ኤምባሲዎች ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ከማሊንዲ በመኪና አትሂዱ፤ በአየር ግቡ። ከሼላ መንደርና ከላሙ ከተማ ርቃችሁ ወደ ሰሜን ወደ ኪዋዩ ደሴት ለመሄድ ካሰባችሁ የሰሞኑን ሁኔታ አጣሩ።

ሲሸልስም ቪዛ አትጠይቅም፤ ግን ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መውሰድ ግድ ነው፤ ይከፈልበታል። የመመለሻ ትኬትና የያዛችሁትን ማረፊያ ያያሉ። ታንዛኒያ ቪዛ አላት። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በኢንተርኔት አመልክቱ፤ ቪዛው ሳይመጣ የማይመለስ ትኬት መግዛት ዕዳ ነው። ዛንዚባር ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለእያንዳንዱ አዋቂ የውጭ እንግዳ የ44 ዶላር የራሷን ኢንሹራንስ አስገድዳለች። ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ማለት አያዋጣም።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የትም ሂዱ ያዙ። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሰው ይጠየቃል፤ ክትባቱም የሚጸናው ከተወጋችሁ 10 ቀን በኋላ ነው። ዋዜማ ላይ የሚሮጥ ሰው ከበር ይመለሳል።

ኪስ

ጅቡቲ ቅርብ ስለሆነች ርካሽ ትመስላለች። አይደለችም። ትራንስፖርቱ ይረክሳል፤ መኝታው፣ ምግቡና ጀልባው ግን ኪስ ይነካል። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177 ገደማ ታስሮ ዘመናት አልፎታል፤ ብር ሲወርድ የምትከፍሉት ሁሉ አብሮ ይወጣል። ጀልባውን ከሌላ ቤተሰብ ጋር መጋራት ወጪውን በግማሽ ይቆርጠዋል፤ ጅቡቲ ዘመድ ያለው ደግሞ፣ ከድሬ ማን የለውም፣ የመኝታውን ወጪ ያቃልላል።

ላሙ ላይ አልጋው የማይከብድ ይገኛል። በረራው ነው የሚከብደው። ጀልባውን ከካፒቴኑ ጋር ራሳችሁ ትዋዋላላችሁ፤ ታይዋን ገበያ ጫማ እንደምንገዛው መከራከር ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚጠራውን ዋጋ አትቀበሉ፤ ግን ዓሣው፣ ውሃው፣ መነጽሩ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ጨርሳችሁ ከመጨባበጣችሁ በፊት ጠይቁ። ዛንዚባር ከሁሉም ሰፊ ምርጫ አላት፤ ከቀላል እንግዳ ማረፊያ እስከ ቅንጡ ሆቴል። ስለዚህ በጀታችሁ ውስን ከሆነ ብዙ አማራጭ የምታገኙት እዚያ ነው። ሲሸልስ ውድ ናት፣ ያለቀለት ጉዳይ ነው። የሚያቀልለው ነገር ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ይዞ ራስን ማብሰል ነው።

ምግብ፣ ልብስና ሌላው

ለሐረርና ለድሬ ሰው የስዋሂሊ ዳርቻ ባዳ አይደለም። ሳምቡሳው፣ ሐልዋው፣ ፒላውና ቢሪያኒው አለ። ጾመኛም አይቸገርም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ ከቻፓቲ ጋር በየቦታው ይገኛል። ስቶን ታውንና ላሙ የሙስሊም ከተሞች ናቸው፤ ከባሕር ዳርቻ ወጥቶ በዋና ልብስ ከተማ መግባት ያስነውራል። ድሪያ የያዘች ሴት ሌላ ልብስ መግዛት አያስፈልጋትም። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት እንደሚዘጋ ለእኛ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም።

በርጫ ለለመደ ደግሞ አንድ ቃል። ታንዛኒያ ውስጥ ጫት በሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። "ትንሽ ነው፣ ለራሴ ነው" ብሎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ዕረፍቱን ፖሊስ ጣቢያ ማሳለፍ ነው። ጅቡቲ ላይ ችግር የለም፤ ከእኛው አካባቢ በየቀኑ ይገባል፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ወባ በዛንዚባር፣ በላሙና በጅቡቲ አለ፤ ሲሸልስ የለም። ሆድ ለሚታወክ ክኒኑ ጀልባ ከመግባት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰዳል፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ዋጋ የለውም። ኮራል የምታዩ ቲሸርት ለብሳችሁ ዋኙ። ፊታችሁ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀርባችሁ እየተቃጠለ መሆኑን የምታውቁት ማታ አልጋ ላይ ነው።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

አምስት ቀን ላለው ሰው ሦስት ደሴት የሚሸጥ ፓኬጅ አያሳርፍም። ከደሴት ደሴት መቀየር ማለት ሻንጣ ማሰር፣ ታክሲ፣ ወረፋ፣ ጀልባ፣ እንደገና ታክሲ ነው። ግማሽ ቀን ይበላል። አንድ ቦታ አልጋ ይዛችሁ በየቀኑ በጀልባ ወጥቶ መግባት ይሻላል። ከሳምንት በላይ ካላችሁ ሁለት ቦታ እደሩ። ለዚህ ነው ለአዲስ ተጋቢ "ሼላ ሂዱና ሰባት ቀን አትንቀሳቀሱ" የምለው፤ ለቤተሰብ ደግሞ ሦስት ሌሊት ስቶን ታውን፣ የቀረውን ኬንድዋ። ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ አራት ቀን ብቻ ያለው፣ ወሩም ታኅሣሥ የሆነ ሰው፣ ሳያመነታ ጅቡቲ።

ሻጩን የምትጠይቁት እነዚህን ነው። ጀልባው የብቻችን ነው ወይስ ከሌሎች ጋር? ለሁሉም ሰው፣ ለልጆችም በልካቸው፣ ላይፍ ጃኬት አለ? የባሕር ፓርክ መግቢያ ክፍያው ተካቷል? ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሆቴል የሚወስደን ማነው፣ በስንት? ቪዛውና ኢንሹራንሱ ከዋጋው ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? ባሕሩ ተናውጦ ጀልባው ካልወጣ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይቀየራል? የመጨረሻዋን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በቴሌግራምም ቢሆን። ከደሴት የምትመለሱበትን ቀንና አውሮፕላን የምትሳፈሩበትን ቀን ደግሞ አንድ አታድርጉ፤ በመሃል አንድ ሌሊት ዋናው ከተማ እደሩ።